በር ላይ የሚቀረው ኮት

የሽሮፕ ጠርሙስ ሲበጠበጥ በሰማሁ ቁጥር ያ የሙዝ ሽታ አብሮ ይመጣብኛል፤ ከሽታው ኋላ ደግሞ የታናሽ እህቴ የሜሮን ደረት ማፏጨት ይከተላል፣ እኔም የተቀመጥኩበት ይቆረቁረኝና ብድግ እላለሁ።

የጅግጅጋ በጋ አቧራ ነበር። ነፋሱ በቆርቆሮ አጥራችን ስንጥቅ እየገባ ምንጣፉን አቧራ ሲያለብሰው ሜሮን ማሳል ትጀምርና፣ እናቴ አዝላት ባጃጅ መቆሚያው ጋ ወደተደረደሩት ፋርማሲዎች ትወጣ ነበር። ሰው ካልበዛበት የትኛውም ይሁን ትገባለች፤ ነጭ ጋውን የለበሰው «አፍ ክፈቺ ማሬ» ይላል፣ ዱቄቱ ላይ ውሃ ጨምሮ በጥብጦ ይሰጠናል። ፉጨቱ ትንሽ ቀን ጋብ ብሎ ሲመለስ ደግሞ ወደሌላው ፋርማሲ እንሄዳለን፤ እዚያም «ጉንፋን ነው» ተብሎ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል።

አባቴ ከቀብሪበያና ከሐርተሼክ በአይሱዙ ፍየል ይጭን ስለነበር ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ሜሮን ገና ሞተሩ ሳይጠፋ ሮጣ ኮቱ ውስጥ ትገባለች፣ እንቅልፍም እዚያው ይወስዳታል።

«ለምን የሕፃናት ሐኪም አታሳዪያትም?» ይላል አባቴ።

«ወረፋው ጤነኛውን ያሳምማል! እስቲ አንተ ሄደህ ተገተር።»

በሰፈራችን ሽሮፕ እንደ እርሾ ነበር፤ የተረፈው አይደፋም፣ ከቤት ቤት ይዞራል። በሶማልኛው ኤዶ፣ አክስቴ፣ እያልን የምንጠራት ሶማሌ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ጠርሙስ ታቀብለንና «አቦ ይቺን ስጫት! የኔ ልጅ ዋላሂ በአንድ ቀን ነው የተነሳው» ትል ነበር። እናቴም ትመርቃትና የኛን ትራፊ በምላሹ ትልክላታለች። እኔ ፉጨቱን ላለመስማት እወጣለሁ፣ ቆሞ ይሆን ብዬ ደግሞ እመለሳለሁ።

ዝናቡ በገባ ጊዜ፣ አባቴ ከመንገድ በተመለሰ ማግስት ረፋድ ላይ፣ የሜሮን ከንፈር ጠቆረ። የባጃጅ መቆሚያው ባለፋርማሲ ገና ሲያያት ጠርሙሱን አስቀመጠና «ይቺ የኔ ሥራ አይደለችም፣ ሩጡ!» ብሎ ራሱ ባጃጅ አስቆመልን። ሐኪም ቤት ፊቷ ላይ ጭምብል አድርገው ትንፋሿን መለሱላት። እዚያ ያየቻት የሕፃናት ሐኪም ግን እንዲሁ አልለቀቀችንም፤ ሜሮን እስከዚያ የወሰደችውን መድኃኒት ሁሉ ይዘን እንድንመለስ አዘዘች።

እናቴ በፌስታል ሞልታ ሄደች። ሐኪሟ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አንዱን አነሳች።

«ይሄስ መቼ የታዘዘላት ነው?»

«እሱ እንኳን ለጎረቤት ልጅ የታዘዘ ነው፤ ለሱ በጣም ተስማምቶት ነበር።»

ሐኪሟ ልትስቅ ብላ ተወችው። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርጋት?» አለች። በዚያ ሁሉ ፋርማሲ ይህን የጠየቀን አልነበረም፤ እናቴም በጣቷ ወራቱን መቁጠር ጀምራ ተምታታባት። «እሺ፣ መቼ ነው የሚብስባት?»

«አባዬ ሲመጣ» አለች ሜሮን።

«ዝም በይ አንቺ!» እናቴ አፍራ ቆነጠጠቻት።

«ተያት፣ ትናገር። አባዬ ሲመጣ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ኮቱ ውስጥ እተኛለሁ።»

ሐኪሟ የአባቴን ሥራ ጠየቀች። ከዚያ አስም እንደሆነ፣ ደረቷን የሚያፍነውም አቧራው ብቻ ሳይሆን በኮቱ የሚመጣው የፍየል ጠጉር ጭምር ሊሆን እንደሚችል ቀስ ብላ አስረዳችን።

አባቴ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ኮቱን በር ላይ አውልቆ አጥሩ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ሜሮን ልትጠመጠምበት ስትሮጥ እጁን ወደኋላ አሸሽቶ «ቆይ እናቴ፣ ልታጠብ» አላት። እሷ አለቀሰች፤ እሱም ፊቱን ሲታጠብ ከወትሮው ቆየ።

አሁን እኔ ከከተማ ከተማ እዞራለሁ፤ ራሴን ሲያመኝ ያገኘሁት ፋርማሲ እገባና ኪኒን ገዝቼ እወጣለሁ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚለኝ የለም፣ እኔም ቆሜ አልጠብቅም። ሜሮንን ግን ያችው ሐኪም እያየቻት አደገች፤ ገና ከበር ስትገባ «ኮቱስ?» ትላታለች።

አባቴ ፍየል መጫን ትቶ ከጅቡቲ ድንበር ከደወሌ ዕቃ ያመላልሳል፤ ኮቱም ሌላ ነው። ቤት ስመለስ ግን ዛሬም በር ላይ ሲያወልቀው አያለሁ። ድሮ ሞተሩ ሳይጠፋ ትሮጥ የነበረችው ሜሮን ውስጥ ቆማ እስኪታጠብ ትጠብቀዋለች፤ ጆሮዬን ብጥልም የደረቷ ፉጨት አይሰማም።