ጋቢና የሌላት ቮልስ

የአንድ ሰው ሕይወት፣ ሁሉም ነገር ተደምሮና ተቀንሶ ሲያበቃ፣ ስንት ይሆናል? በጎልማሳነቴ ይህን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ መልሱን ከመጻሕፍት እየቀዳሁ ሳስተምር ኖሬያለሁ። አሁን ከሰዓት በኋላ የባሕር ዳር ከተማችን የፓካስማዮ ነፋስ አሸዋውን እያመጣ በሬ ላይ ሲበትን፣ ጥያቄው እንደ ጎረቤት ገብቶ አጠገቤ ይቀመጣል። በተቀመጠ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ሊቃውንቱ ሳይሆን ከቤቴ ፊት ለፊት ወደምትኖረው ወደ ዶኛ ኤደልሚራ አዛባቼ ነው።

ዶኛ ኤደልሚራ የመኪና ወንበር ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ግቢዋ ውስጥ ያልቆመ አውቶቡስና የጭነት መኪና የለም። ስፖንጁን ትለውጣለች፣ ቆዳውን ታለብሳለች፣ የሾፌሩን መጋረጃ በቀይ ዘርፍ ትከፍፋለች። ሥራዋን ስትጨርስ ምቾቱን ለማየት ራሷ ትቀመጥበታለች። መሪውን ይዛ፣ በመስታወቱ ውስጥ የራሷን ግድግዳ እያየች ትንሽ ትቆያለች፤ ከዚያ ወርዳ ባለቤቱን ትጠራለች። ወንበሮቿ በሰሜን ቱምቤስ፣ በደቡብ ታክና ደርሰዋል። እሷ ግን ከጎረቤት ከተማ ከትሩሂዮ አልፋ አታውቅም ነበር።

ዕድሜዋ ወደ ሰባ ሲጠጋ ከአንድ ሟች የጥርስ ሐኪም ቤተሰብ አሮጌ ሰማያዊ ቮልስ ገዛች። መንዳት ተማረች፤ መጀመሪያ በባሕሩ ዳርቻ፣ ማዕበሉ የጠቀጠቀው አሸዋ ላይ፣ ኋላም ገበያ በሌለበት ቀን በከተማው መንገድ። ከዚያ አንድ እሑድ፣ የዓሣው ምሳ ተበልቶ ሳያልቅ፣ ወደ ቱምቤስ ልትሄድ መሆኑን ተናገረች። በባሕሩ ዳር ዳር፣ ብቻዋን። ሄዳ ተመልሳለችና አንባቢ አይጨነቅ። እኔ የምተርከው ስለ መሰናዶው ነው፤ ከመንገዱ ይልቅ የከበደው እሱ ነበርና።

ልጇ ዊልመር ሲሚንቶ ፋብሪካ ይሠራል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ጥሩ ልጆች ደግሞ ለእናቶቻቸው ነጻነት የሚያስቸግሩ ናቸው።

"እማዬ፣ አውቶቡስ የሚባል ነገር አለ እኮ" አላት።

"ወንበሩን የሰፋሁት እኔ አይደለሁም? አውቀዋለሁ።"

"እሺ፣ በቮልሷም ሂጂ። የሚስቴ የአክስት ልጅ ሥራ ፈታ ተቀምጣለች፤ አብራሽ ትሂድ።"

"እሷ ወሬ ከጀመረች ትንፋሽ አትወስድም። የሴቹራ በረሃ ሳንደርስ አንዳችን መውረዳችን አይቀርም፤ መኪናዋ ደግሞ የኔ ናት።"

"አንድ ነገር ቢደርስብሽስ?"

"አባትህ ከሞተ ወዲህ ምን ደርሶብኝ ያውቃል? እኔም የምልህ ይህንኑ ነው።"

በማግስቱ ለቮልሷ ወንበሮች ፍም የመሰለ ቀይ ጨርቅ ስትሰፋ አገኘኋትና ብቻዋን መሄዱን ለምን እንዲህ እንደፈለገችው ጠየቅኋት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

"መምህር፣ አጠገቤ ሰው ከተቀመጠ በቆምኩ ቁጥር ለምን ቆምሽ ይለኛል። ፔሊካን ወፍ ለማየት ነው እለዋለሁ። እሱም ፔሊካኑን ያያል፣ አየሁት ይላል፣ እንሂድ ይላል። አየህ? እኔ ገና አልጨረስኩም።"

ብዙ ቀን አሰብኩበት። የምንኖረው ሁልጊዜ በሰው ፊት ነው፤ የምንቆመውም የምንሄደውም ምክንያት አዘጋጅተን። ምናልባት አንድ ሕይወት ሲመዘን ትልቁን ክብደት የሚይዘው ምክንያት ሳንሰጥ የቆምንባት ጥቂት ጊዜ ይሆናል። ምናልባትም አይሆንም። ሴትዮዋ ግን የምትጠይቀው ያችኑ ጥቂት ጊዜ ነበር፤ ከዚያ ሌላ የፈለገችው ነገር የለም።

ዊልመር መከልከሉ እንደማያዋጣው ሲገባው በሌላ በር መጣ። "ያልተጠመቀች መኪና ይዘሽማ ከዚህ ግቢ አትወጪም" አለ። በእኛ አገር መኪና ክርስትና ይነሣል። የክርስትና አባት ይቆምለታል፤ ስም ያወጣለታል፣ ጠርሙስ ይሰብርለታል፣ ለሕፃናቱ ሳንቲም ይበትናል፤ ከዚያ ወዲያ ከባለቤቱ ጋር አበልጅ ነው፤ ከሥጋ ዘመድ አይተናነስም። ዊልመር ያሰበው የክርስትና አባት ፍለጋው ወራት ይፈጃል ብሎ ነው። እሷም በርካሽ የተገላገለች መስሏት ተስማማች።

ስህተቷ የመጣው ከዚህ ነው። የክርስትና አባት እንዲሆን የተለመነ ሰው በአፉ እሺ አይልም። መሬት መሬት እያየ "እስቲ" ይላል፣ ይሄዳል፤ በቀኑ ጠርሙሱን ይዞ ይመጣል። ዝምታው እሺታው ነው። ይህን ከፓካስማዮ እስከ ቺክላዮ የማያውቅ የለም፤ እሷም ታውቃለች። ግን በረዶ ሻጩን ዶን ናዛሪዮን ለምናው "እስቲ" ካላት በኋላ፣ መንገድ ላይ ባያት ቁጥር ወደ ማዶ ይሻገር ጀመር። ሰውየው የተደበቀው ለመኪናዋ ያዘዘውን የወረቀት አበባ እንዳትጠይቀው ነበር። እሷ ደግሞ መንገዱ አስቸኩሏት፣ አፍሮ ነው የሸሸኝ አለችና ሄዳ ጡረተኛውን የአውቶቡስ ሾፌር ዶን ኦክታቪዮ ኚኬን ለመነች። እሱም መሬት አይቶ "እስቲ" አለ።

የክርስትናው እሑድ ቮልሷ ታጥባ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማለች። ካህኑ የጠበሉን ውሃ ይዘው ወጡ። በቀኝ በኩል ዶን ኦክታቪዮ የድሮ የሥራ ክራቫቱን አሥሮ ጠርሙስ ታቅፎ መጣ። በግራ በኩል ዶን ናዛሪዮ የበረዶ ጋሪውን በወረቀት አበባ አጥለቅልቆ፣ እሱም ጠርሙስ ታቅፎ መጣ። ሁለቱም መኪናዋ ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

"ምን ልታደርግ መጣህ?" አለ ዶን ኦክታቪዮ።

"ልጄን ላስጠምቅ። አንተስ፣ መንገድ ጠፍቶህ ነው?"

ካህኑ ዶኛ ኤደልሚራን አዩአት። እሷ ደግሞ ውሃውን አየች። ቀስ ብላ "አባ፣ ያረጀች ናት፤ ሁለት አባት ቢኖራት ምን ይላታል?" አለች። ሕዝቡ ሳቀ፤ ካህኑም ሳቃቸውን ለመደበቅ ቶሎ ብለው መርጨት ጀመሩ።

አንዱ በፊት ፓራውልቷ፣ አንዱ በኋላው ጠርሙሱን ሰበረ። ዶን ኦክታቪዮ "የሰሜን ንግሥት" ብሎ ሰየማት፤ ዶን ናዛሪዮ "ሮሲታ" አላት። ሳንቲም የበተኑትም ተፎካክረው ነው፤ የአንዱ ኪስ ሲራገፍ ሌላው ከሚስቱ ቦርሳ ይበደር ነበር። የሰፈሩ ልጆች እንደዚያ ቀን በልተው አያውቁም።

ጣጣው የመጣው ምሳ ላይ ነው። ግቢዋ ውስጥ በሎሚ የታሸው ዓሣ፣ የተቆላው በቆሎ፣ የበቆሎ ጠላው ቺቻ ቀርቦ ሁሉም ሲጠግብ ዶን ኦክታቪዮ ብድግ አለ።

"እንግዲህ በልማዳችን መኪና የመጀመሪያውን ረጅም መንገድ ስትሄድ ጋቢና የሚቀመጠው የክርስትና አባቷ ነው። እኔ ከዚህ እስከ ቱምቤስ የማላውቀው ጉድጓድ የለም።"

"ሁሉም ውስጥ ስለገባህ ነዋ" አለ ዶን ናዛሪዮ። "ጋቢናው የኔ ነው። ቀድሞ የተለመነው ማን ነው?"

"አንተማ በረሃው ላይ እንደ በረዶህ ቀልጠህ ታልቃለህ።"

"አንተ ደግሞ ታንኮራፋለህ። ያኔ መሪ ይዘህ እንኳ ታንኮራፋ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ።"

ዊልመር ፊቱ በራ። "ሁለቱም ቢሄዱስ? አንዱ ጋቢና፣ አንዱ ከኋላ" አለ።

ያን ጊዜ የዶኛ ኤደልሚራን ፊት አየሁ። ቀኑን ሙሉ ስትስቅ የዋለች ሴት፣ ሳቋ ልክ እንደ ጠፋ መብራት ሆነ። ነገሩ ገባኝ። እምቢ ብትል አበልጆቿን አዋረደች፤ ጥምቀቱን መልሳ እንደመጣል ነው። አንዱን ብትመርጥ ሌላው እስኪሞት ሰላም አይላትም። ሁለቱንም ብትወስድ ደግሞ፣ ያው በቆመች ቁጥር ለምን ቆምሽ የሚሏት ሁለት ሆኑ።

እጇን በጨርቅ ጠረገች። ወደ ቮልሷ ሄደች፣ የቀኙን በር ከፈተች፣ ጎንበስ ብላ ማቆሚያውን በመፍቻ ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ ጋቢናውን፣ ራሷ የሰፋችውን ቀዩን ወንበር፣ ከሐዲዱ ላይ ጎትታ አወጣችው። ማንም ሳይረዳት እስከ ግድግዳው ጥላ ድረስ ተሸከመችው፣ አስቀመጠችው፣ አቧራውን አራገፈችለት።

"አበልጆቼ" አለች፣ "ጋቢናው የእናንተ ነው። ማንም አይቀማችሁም። እስክመለስ ድረስ እየተፈራረቃችሁ ተቀመጡበት።"

ቀድሞ የነቃው ዶን ናዛሪዮ ነው።

"ከኋላም ቢሆን እኮ ለእኔ ግድ የለኝም።"

"ከኋላ ፍራሽ ዘርግቻለሁ።"

"ፍራሹ ላይ እሆናለሁ።"

"ይሰማሻል?" አለች ዶኛ ኤደልሚራ ወደ ሚስቱ ዞራ። "በዚህ ዕድሜው ፍራሼ ላይ ልሁን እያለኝ ነው።"

ሚስቱ ከሁሉም ቀድማ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሊቆጣ አልቻለም። ዶን ኦክታቪዮ ትንሽ አመነታ። ክራቫቱን አስተካክሎ ሄደና ጥላው ሥር ቀዩ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተነቃነቀ።

"ስፖንጁ ጥሩ ነው" አለ።

"ቶሎ ቶሎ በል፣ ተራ አለ" አለው ዶን ናዛሪዮ።

ዊልመር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አላወቅሁም። ብቻ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሚስቱ የአክስት ልጅ አላነሣም። በሳምንቱ ቦሎ ለማስለጠፍ አብሯት የሄደው፣ ትርፍ ቺንጋና የፍሪሲዮን ገመድ የገዛላትም እሱ ነው። ወንበሩ በነበረበት ቦታ ለውሃ ጀሪካንና ለምድጃ የሚሆን የእንጨት ሣጥን ሠራላት። ሣጥኑ ላይ ሰው እንዳይቀመጥበት ክዳኑን ሹል አድርጎ ሠራው፤ ይህን ያለ ማንም ትእዛዝ ማድረጉ እናቲቱን ከጉዞው በላይ ደስ ያሰኛት ይመስለኛል።

የተነሣችው ጭጋጉ ገና ከባሕሩ ሳይላቀቅ በማለዳ ነበር። ለማንም ሰዓቱን አልተናገረችም። ሆኖም የቮልስ ሞተር ድምፅ የማያውቅ የለም፤ ከጎዳናዋ ሳትወጣ ኋላዋ ባጃጅ ይሰለፍ ጀመር። ክላክሱ፣ ጩኸቱ፣ ከመስኮት የሚውለበለበው ፎጣ። እኔም ከሁለት አሮጊቶች ጋር አንዱ ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቄ ነበር። ዊልመር በሞተር ሳይክሉ ከፊት እየመራ ከዋናው አውራ ጎዳና መገንጠያ ደረስን። ከዚያ ወደ ሰሜን መንገዱ ባዶና ረጅም ነው።

ቮልሷ ጥግ ይዛ ቆመች። ዶኛ ኤደልሚራ ሰፊ ባርኔጣዋን አድርጋ ወረደችና ክላክሱ ሁሉ እስኪያባራ እጇን አንሥታ ጠበቀች።

"ስለሸኛችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች። "አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። እኔ ብቻዬን መንገድ ጀምሬ አላውቅም። ተነሥቼ እስክርቅ ድረስ ማንም አይየኝ። እባካችሁ፣ ሁላችሁም ጀርባችሁን አዙሩልኝ።"

እርስ በርስ ተያየን። ካህኑም ቆመው ነበር፣ አበልጆቿም፣ ልጇም። ገብታ በሩን ዘጋች፣ በመስታወቷ እያየችን ትንሽ ጠበቀች። ጀርባውን ያዞረ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም እያየናት ተነሥታ ሄደች።