ደረቅ ሳል

ስኳሩን ለምጄው ነበር። ዓመታት አብረን ኖረናል። ግፊት ሲጨመርበት ግን ሐኪሙ አዲስ ኪኒን አዘዘልኝ። «ግፊትዎን ያወርዳል፣ ስኳር ላለበት ሰው ኩላሊትም ይጠብቃል» አለኝ። ሊያስለኝ እንደሚችል አልነገረኝም። በሩ ላይ ብዙ ሰው ይጠብቀው ነበር።

ያን ጊዜ የምኖረው አዳማ፣ ታናሽ እህቴ ቤት ነው። የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው ባሌ ሲሞት «እትዬ፣ ወንጂ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ ራሷ ናት ያመጣችኝ። ልጆቿን አስጠናለሁ። ከትንሿ ጋር አንድ አልጋ ላይ እንተኛለን።

ኪኒኑን ከጀመርኩ ብዙም ሳይቆይ ሳል ያዘኝ። አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ጉሮሮዬን እየኮረኮረ ትንፋሽ ያሳጣኛል። መጀመሪያ በአቧራው አሳበብን። አልተወኝ ሲል የእህቴ ፊት ተለወጠ። አንድ ቀን ሁላችንም ከምንበላበት ትሪ ተለይቶ የኔ ምሳ በሳህን መጣ። ማታ ትንሿ ልጅ ትራሷን አቅፋ ወጣች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«እማዬ እኔ ጋ ተኚ ብላኛለች።»

ሌላ ሐኪም ጋ ሄጄ ተመረመርኩ፣ ራጅ ተነሳሁ። ሳንባዬ ደህና ነው ተባልኩ። ለእህቴ ስነግራት «ተመስገን» አለች። በማግስቱም ምሳዬ በሳህን መጣ። ጎረቤቷ «ቲቢ መሆን አለበት፣ ከወንጂ ይዛው መጥታ ነው» ስትላት በመስኮት ሰማሁ። እህቴ አንድ ቃል አልመለሰችላትም።

ኪኒኑ ሲያልቅ ሌላ አልገዛሁም። ግፊት እንደሆነ አያምም፤ የሚያሰቃየኝ ሳሉ ነበር። እሱም ቀስ በቀስ ተወኝ። እህቴ «ስለቴ ሰመረ» ብላ ወደ ትሪው መለሰችኝ። ደስ አለኝ። ያ ደስታዬ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ክረምቱ እንደወጣ ለለቅሶ ወለንጪቲ ስንሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ግራ ጎኔ ከዳኝ። ልናገር ስል አፌ ተሳሰረ። ነቅቼ ራሴን ያገኘሁት ሆስፒታል ነው።

አንደበቴ ሲፈታ አንዲት ወጣት ሐኪም «የግፊቱን ኪኒን ለምን አቋረጡ?» አለችኝ።

«ሳል ይዞኝ ነበር፤ ግፊቱማ አያመኝም።»

«ሳሉን ያመጣው እኮ ኪኒኑ ራሱ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል። ቢነግሩን በሌላ እንቀይርልዎት ነበር።»

«እኔ በምን ልወቅ? ማን ነገረኝ?»

ሌላ ዓይነት ኪኒን አዘዘችልኝ። ኩላሊቴም መጎዳቱን የዚያን ዕለት ሰማሁ።

እህቴ እግርጌ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። «ለልጆቼ ፈርቼ ነው፣ እትዬ» ብላ አለቀሰች።

«አውቃለሁ» አልኳት። አውቃለሁም። ማወቄ ግን ምንም አላቀለለልኝም።

ከሆስፒታል ስወጣ እሷ ጋ አልተመለስኩም። ወንጂ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አዲሱ ኪኒን አያስለኝም፤ ግራ እጄ ግን እንደፈለግሁ አይታዘዘኝም። እሑድ እሑድ እህቴ መጥታ ጸጉሬን ትሠራልኛለች። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሰፈሩ ታወራለች። እኔ ዝም እላለሁ። አንደበቴ ገና በቅጡ ያልዳነ መስሏት ታዝንልኛለች።