በኢዳዬ መካከል «ቤቱን ልቀቂ» ስባል

ነገሩ የደረሰብኝ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ስንኖር ነው። ዛሬም ቤት ልቀቂ የተባለች ሴት ስትጨነቅ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ከመተማ ተሻግረን ስምንት ዓመት የኖርነው በአንድ ቤት ነው። ሁለት የጭቃ ክፍልና ጠባብ ግቢ። ሦስቱም ልጆቼ የተወለዱት እዚያ ነው። በዚያ ክረምት ባለቤቴ በወባ ታሞ ሞተ። አላህ ይዘንለት።

በእምነታችን ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷን ጠብቃ ትቀመጣለች። እኛ ኢዳ እንለዋለን፣ ሱዳኖች ሐብስ ይሉታል። እኔም ነጭ ለብሼ፣ ሽቶና ሒና ትቼ ተቀመጥኩ።

በሁለተኛው ወር አከራያችን ዐም ኢድሪስ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ባለቤቴ ሲቀበር አካፋ ይዞ ቆፍሯል። ከደጅ ሆኖ አጽናናኝና በልጄ በሐናን እናትነት ጠርቶ፣ «ያ ኡም ሐናን፣ ውሉ ከባልሽ ጋር ነበር። እሱ ሞተ፣ ውሉም ሞተ። ሰሊጥ መግባት ሳይጀምር ቤቱን ልቀቂልኝ» አለኝ። ለመጋዘን የሚፈልገው ነጋዴ አግኝቶ ኖሯል።

«እሺ» አልኩት።

እኛ ሐበሾች ያኔ አከራይ ውጡ ካለን ምንጣፋችንን ጠቅልለን እንወጣለን እንጂ ሕግ ይኖራል ብለን አናስብም ነበር። የአገራችን ሰዎች ሽማግሌ ጋሼ ኑሩም፣ «ልጄ፣ በሰው አገር ሙግት አይሆንሽም። ከሰላ ከተማ ወንድምሽ ዘንድ ሂጂ» አሉኝ። ለእኔ ግን ከዚያ ቤት መውጣት ኢዳዬን ማፍረስ ነበር። ድስቶቼን በጆንያ እየከተትኩ አለቀስኩ።

ጎረቤቴ ሐጃ ነፊሳ ገብታ ጆንያውን አየች።

«ይህ ምንድን ነው? በሐብስሽ ገበያ ልትወጪ ነው?»

ሁሉን ነገርኳት። አንዱን ድስት ከጆንያው አውጥታ ከምድጃው ላይ ጣደችው።

«አንቺ ሐበሻ! ዶሮ እንኳ ከቆጧ ሲያወርዷት ትጮኻለች። አንቺ እሺ ትያለሽ?»

«ቤቱ የሱ ነው፣ ሐጃ።»

«ቤቱስ የሱ ነው። ማስወጣቱ ግን የዳኛ ነው። እህቴንም እንዲሁ ብለዋት ነበር። የመሕከማ ወረቀት አምጣ በይው፣ ሌላ ቃል አትጨምሪ።»

መሕከማ የሚሉት ፍርድ ቤቱን ነው። ዐም ኢድሪስ ሲመለስ እንዳለችኝ አልኩት። ሳቀብኝ። «ዛሬ ደግሞ ጠበቃ ሆነሻል?» አለኝ።

በማግስቱ በሩን የሚነቅል አናጢ ይዞ መጣ። በር የሌለው ቤት ውስጥ ሴት ከልጆቿ ጋር እንደማታድር ያውቃል። ቢስሚላህ ብዬ ሦስቱን ልጆቼን ይዤ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። አናጢው ነጭ ልብሴን አየና መዶሻውን ወደ ከረጢቱ መለሰ።

«ወላሂ፣ በሐብስ ላይ ያለች ሴት በር አልነቅልም» ብሎ ሄደ። ዐም ኢድሪስ ቆይቶ እሱም ሄደ።

ከዚያ በኋላ እውነትም ከሰሰኝ። መጥሪያው ሲደርሰኝ የኢዳዬን ሦስተኛ ወር ይዤ ነበር። ለግድ ጉዳይ በቀን መውጣት እንደሚፈቀድልኝ የመስጊዱን ኢማም አስጠይቄ፣ ከሐጃ ነፊሳ ጋር ሄድኩ። ነጭ ቶቤን እንደለበስኩ ነው።

ዳኛው፣ «ማን ይናገርልሻል?» አለኝ።

«እኔው» አልኩ። ዐረብኛዬ የገበያ ዐረብኛ ነው።

ዐም ኢድሪስ ውሉ ከሟቹ ጋር እንደነበረ፣ እኔም የውጭ አገር ሰው እንደሆንኩ ተናገረ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረ።

«መውላና፣» አልኩት፣ ዳኛ የሚጠራው እንዲህ ነው፣ «አላህ ኢዳዬን በዚህ ቤት እንድጨርስ አዘዘኝ። ሲያዘኝ አገሬን አልጠየቀኝም። እሱ ቤቱን ከፈለገ በሕግ ይጠይቀኝ። በሬን ግን አይንቀልብኝ።»

ዳኛው ከዐም ኢድሪስ ውሉን ተቀብሎ አነበበ። «እዚህ ላይ ‹እሱና ቤተሰቡ› ይላል። ቤተሰቡ ሞቷል ወይ?» ብሎ ዐም ኢድሪስን ጠየቀው። ከዚያም ቀጠለ፤ «ሰው ሞተ ተብሎ ቤተሰቡ ከቤት አይጣልም። ቤቱን የምትፈልግበት ሌላ ምክንያት ካለህ አቅርበህ ጊዜ ትሰጣታለህ፤ እስከዚያው በሩን አትነካም» አለው። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ደግሞስ ሐብስ ላይ ያለችን ሴት እዚህ ድረስ ማምጣትህ አያሳፍርህም?» አለው።

ዐም ኢድሪስ ጥምጣሙን እያስተካከለ አንገቱን ደፋ። ከውጭ ስንገናኝ፣ «ይቅር በይኝ» አለኝ። ይቅር አልኩት፤ ከልቤ ነው።

ሐጃ ነፊሳ እልል ልትል ስትል ቶቧን ይዤ ከለከልኳት፤ ሐዘን ላይ ነኝና። እስከ ቤት ድረስ ብቻዋን እየሳቀች ሄደች።

ኢዳዬን በቤቴ ጨረስኩ፣ አልሐምዱሊላህ። በሦስተኛው ዓመት ልጆቼ ሲያድጉ ክፍሉ ጠበበንና በራሴ ፈቃድ ለቀቅሁ። ከዚያ ወዲህ የአገሬ ሴቶች ልቀቁ ሲባሉ ጋሼ ኑሩ ራሳቸው «ኡም ሐናንን ጠይቁ» እያሉ ይልኩልኛል።

መኩራራት ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አላህ ይማረኝ፣ «እኔው» ባልኩባት በዚያች ቀን ግን እኮራለሁ።