ቀዳዳ ቆጣሪው

ሰውዬው እንጀራው ቀዳዳ መቁጠር ነው። በየስድስት ወሩ ቤት ለቤት እየዞረ የወባ መከላከያ አጎበር ያወርድና አውራ ጣቱ ያለፈለትን ቀዳዳ ትንሽ፣ ቡጢው ያለፈለትን ትልቅ ብሎ ይመዘግባል። ሰው ሲያይ የሚጨማደደው ግንባሩ ቀዳዳ ሲያይ ይፈታል።

«ከምትቆጥረው ብትሰፋው ምናለበት፣ ልጄ?» አሉት ዛሬ አንዲት አሮጊት፣ የልጅ ልጃቸውን እንዳዘሉ።

«መስፋት ክልክል ነው፣ እማማ! ከሰፋሁትማ የአጎበሩ ዕድሜ በምን ይታወቃል?» ብሎ ተቆጣና ውሃ ለመናቸው።

ልጅ ያለበት ቤት ሲገባ ሁሌ ውሃ ይጠማዋል። ቀድተው እስኪመለሱ ኮሌታው ስር ከሻጣት ባለክር መርፌ ጋር ጥድፊያ ነው። ቢሮ የተቀመጡት አለቆቹ፣ የልጆች አጎበር እንዲህ የማይበሳው ለምን ይሆን እያሉ ፋብሪካውን ያመሰግናሉ።

የሚቀዱለትን ውሃ ግን ቀምሶት አያውቅም።