አትቀስቅሷት ያልናት ልጅ

በጻፍኩት ጽሑፍ ምክንያት ሐዋሳ አዲስ ከተማ ካለው ቤቴ ወስደው አሰሩኝ። ጠባቂዋ የክፍሉን በር ስትከፍት፣ «ቀስ ብለሽ ግቢ፣ አራስ አለች» አለችኝ። እስር ቤት በሹክሹክታ ይቀበለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ክፍሉ እርጥብ ሲሚንቶና ወተት ይሸታል። ሴቶቹ በእግራቸው ጫፍ ነው የሚራመዱት። አራሷ ከከተማው ዳር፣ ከቱላ የመጣች ወጣት ናት፤ ባሏ ተፈልጎ ሲታጣ እሷን ከነጨቅላዋ አመጧት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሕፃኗ ፊቷ ቢጫ ቢጫ ይላል። አታለቅስም፣ አታስቸግርም፤ ትተኛለች። በእንቅልፏ ፈገግ ስትል ሁላችንም ማርያም እያጫወተቻት ነው አልን። እንዲህ ያለውን እንቅልፍ ማን ደፍሮ ይረብሻል? እናቷን ብቻ ነገሩ አላማራትም።

«እትዬ፣ ጡቴ ሞልቶ ያመኛል» አለችኝ። «እሷ ግን ሁለቴ ሳብ አድርጋ ትተኛለች።»

ጠባቂዋን ለመንናት፤ በማግስቱ ነርስ አመጣች። ነርሷ የልጅቷን ግንባር በጣቷ ጫን አድርጋ አየች። ቀላል የወፍ በሽታ ነው፣ ብዙ ጨቅላዎችን ይይዛል አለች፤ እንቅልፋም የሚያደርጋትም፣ ለመጥባት የሚያሰንፋትም እሱ ነው። ቢጫው እስከ እግሯ ከወረደ ወይም ጭራሽ አልጠባም ካለች ቶሎ እንድንጠራት አስጠነቀቀችን።

«ማርያም ታጫውታት» አለች ስትወጣ፤ «እናንተ ግን እየቀሰቀሳችሁ አጥቧት።»

ከዚያ በኋላ ተራ ገባን። ልብሷን እናወልቃለን፣ የእግሯን መዳፍ እንኮረኩራለን፣ ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ እንነካካለን።

ከሰዓት በኋላ ለቆጠራ ተነሱ ስንባል ልጅቷ ጡቱን ገና አጥብቃ መያዟ ነበር። የእስር ቤቱ ኃላፊ አራሷንም «ተነሺ» አላት። ልትነሳ ስትል እጄን ትከሻዋ ላይ አሳረፍኩ።

«ጌታዬ፣ ልጅቷ እየጠባች ነው። ብትነሳ ትለቃለች» አልኩት።

ልጅቷ ስትውጥ ይሰማል። ኃላፊው ትንሽ ቆሞ ካዳመጠ በኋላ አራሷን እንደተቀመጠች ቆጥሯት አለፈ።

እያደር ቢጫው ለቀቃት። ያኔ ማልቀስ ጀመረች፤ ለቅሶዋ ጆሮ ይበጥሳል። ከመሃላችን አንዷ፣ የገበያ ነጋዴ፣ «አሁን ገና መታሰሯን አወቀች» ብላ አሳቀችን። አንዳችንም ዝም አሰኚያት አላልንም።

ዛሬ የምኖረው ከሐዋሳ በጣም ርቄ ነው። ከበላዬ ካለው ቤት ጨቅላ ሲያለቅስ ጎረቤቶቼ ይማረራሉ። እኔ ግን የያዝኩትን ሥራ አቁሜ ወደ ጣሪያው ቀና እላለሁ። «እሰይ» እላለሁ፤ «ተርባለች ማለት ነው።»