በካሌንደር የሸፈንኳቸው የቤዝቦል መጽሐፎች

ቤዝቦል አልወድም። ስታዲየም ወስዳችሁ ብታስቀምጡኝ ሁለተኛው ዙር ሳይደርስ እንቅልፍ ይጥለኛል። የምወደው ስለ ቤዝቦል የተጻፈውን የድሮ መጽሐፍ ነው። ቤቴ የመጣ ሐበሻ ሁሉ መደርደሪያዬን አይቶ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

የለመድኩት አቮንዴል እስቴትስ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ዓይናቸው የጠፋ አንድ ጡረተኛ ፖስተኛ ስንከባከብ ነው። የምሠራበት የአስታማሚዎች ኤጀንሲ በሳምንት አራት ቀን ይልከኝ ነበር። ሥራዬ ማጠብ፣ መድኃኒት መስጠትና ምሳ ማቅረብ ነው። እሳቸው ግን ምሳውን ገና ሳይጨርሱ "በይ አንብቢልኝ" ይላሉ። ሳሎናቸው ከወለል እስከ ኮርኒስ የቤዝቦል መጽሐፍ ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ደብዳቤ ሲያድሉ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ከየጋራጅ ሴሉ የለቀሙት። እንግሊዝኛዬ ያን ጊዜ አያድርስ ነው። ስሳሳት "እንደገና" ይሉኛል እንጂ አይስቁም። የማላውቀውን ቃል ያስረዱኛል፤ እኔም ከቃሉ በላይ በእርሳስ ትርጉሙን በአማርኛ እጽፋለሁ። ከሁሉ የወደድኩት ስለ ጥቁሮቹ ተጫዋቾች የተጻፈውን ነበር። ሆቴል አላስገባ ሲሏቸው አውቶብስ ውስጥ አድረው በማግስቱ የሚጫወቱትን።

ሽማግሌው አንድ ደንብ ነበራቸው። አንብቤ የጨረስኩትን ይዤ እሄዳለሁ። "እኔ አላየው፣ ልጄ አታነበው፤ ለማን ላስቀምጠው?" ይላሉ። በአራት ዓመት ሠላሳ አንድ መጽሐፍ ስቶን ማውንቴን ያለው ቤቴ ገባ። የኤጀንሲው ወረቀት ከታካሚ ስጦታ መቀበል ክልክል ነው እንደሚል አላጣሁትም፤ ፈርሜበታለሁ። ብር ቢሰጡኝ እጄን አልዘረጋም ነበር። መጽሐፍ ሲሰጡኝ ግን ዘረጋሁ፤ ዛሬም ቢሆን እዘረጋለሁ።

ዋጋቸውን ሳላውቅ ቀርቼም አይደለም። በፖስታ የድሮ መጽሐፍ ጨረታ ካታሎግ ይመጣላቸው ነበር። የመጽሐፉን ርዕስና የተሸጠበትን ዋጋ ብቻ አነብላቸዋለሁ። አንዳንዱ የደህና መኪና ዋጋ ያወጣል። "እሱማ እኔም ጋ አለ!" ይሉና በሳቅ ይፈርሳሉ። ከዚያ ደግሞ ይናደዳሉ። "መስተዋት ውስጥ ሊቆልፉበት እኮ ነው የሚገዙት። አንድ ገጽ አይገልጡም" ይላሉ።

እኔ ደግሞ ቤቴ ሳመጣቸው አገር ቤት የተማረ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ። እኛ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ሲታደለን፣ የዚያኑ ዕለት ካልሸፈንነው ማን ያስተኛናል? ያልተሸፈነ መጽሐፍ ይዞ ክፍል መግባት ያስገርፍ ነበር። የሽማግሌው መጽሐፎች ከደረቁ ሽፋን በላይ የተጠለቀ ቀጭን ወረቀት ነበራቸው፤ ዳር ዳሩ የተበጫጨቀ፣ ሥዕሉ የደበዘዘ። እየገፈፍኩ ጣልኩት። የሐበሻ ግሮሰሪው በየዓመቱ የሚያድለንን ካሌንደር ገልብጬ፣ ነጩን ወደ ውጭ አድርጌ፣ ጥርት አድርጌ ሸፈንኳቸው። ጀርባቸው ላይ ርዕሳቸውን በአማርኛ ጻፍኩ። ሠላሳ አንዱም ነጭ በነጭ ሆነው ሲደረደሩ አምረውብኝ ነበር።

ሽማግሌው ሞቱ። እንደ አባቴ አለቀስኩላቸው። ሦስት ወር ቆይቶ ልጃቸው ቴክስት አደረገችልኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ያየኋት አምስቴ ቢሆን ነው። "የአባቴ መጽሐፎች አንቺ ጋ እንደሄዱ ደርሼበታለሁ። ብትመልሽልኝ ጥሩ ነው። ኤጀንሲው ድረስ መሄድ አልፈልግም" ትላለች። ለካ ካታሎጉን እሷም ማየት ጀምራለች።

ባለቤቴ ኮንየርስ ከተማ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ነገር አይወድም። "መልሺላትና ሥራሽን ያዢ" አለኝ። "ኤጀንሲው ጋ ሄዳ ኮምፕሌን ካደረገችብሽ የአስታማሚነት ሰርተፍኬትሽን ይነጥቁሻል። ለአሮጌ ወረቀት?"

"ከመለስኩ እኮ ሰርቄ ነበር ማለት ነው" አልኩት።

"ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት ገብቼ ስሠራ ማንኪያ ጎደለ ተብሎ አያውቅም። አሁን ነው ሌባ የምባለው?"

 ለልጅቷ "መጥተሽ እዪ" ብዬ መለስኩላት።

ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ የጨረታ ገማች ጋር መጣች። መጽሐፎቹን አንድም ሳልደብቅ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ጠበቅኳቸው። "አባትሽ ናቸው የሰጡኝ፤ አንብቤ በጨረስኩ ቁጥር አንድ አንድ" አልኳት።

"አባዬ መጨረሻ ላይ አእምሮው ደክሞ ነበር" አለች፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ደሜ ፈላ። "የደከመው ዓይናቸው ነው። አእምሯቸውን ብትመጪ ኖሮ ታውቂው ነበር" አልኳት። ፊቷ ቀላ።

ገማቹ በስስ ጓንት የመጀመሪያውን አነሳ። ካሌንደሬን ቀስ ብሎ ገለጥ አድርጎ ከሥሩ አየ። ሁለተኛውን አየ። ሦስተኛውን አየ። "የላይ ወረቀታቸው የታለ?"

"ተበጫጭቆ ነበር። ጣልኩት።"

"የሁሉንም?"

"የሁሉንም።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዋጋው ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው አለ። ቢቀደድም፣ ቢደበዝዝም። ከነወረቀቱ ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣው መጽሐፍ ያለ እሱ የአንድ ምሳ ዋጋ ነው። ገጾቹን ገልጦ የእርሳስ ጽሑፌን ሲያይ ደግሞ ምሳውም ቀረ። አልዋሽም፣ ክው ብያለሁ። ያን ሁሉ ሺህ በገዛ እጄ ቆሻሻ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ግን ሽማግሌው ይህን ቢሰሙ ሳቃቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር ብዬ ሳስብ፣ የእኔም ሳቅ ሊያመልጠኝ ደረሰ።

ልጅቷ ቦርሳዋን አነሳች። "በቃ ያዣቸው። ሰጥቼሻለሁ" አለችኝ።

ቅጥል አልኩ። "አንቺ አልሰጠሽኝም። ውድ ሲሆኑ የሰረቅኳቸው፣ ሲረክሱ የሰጠሽኝ? አባትሽ ናቸው የሰጡኝ። ይህንን ጽፈሽልኝ ትሄጃለሽ" ብዬ ደብተርና እስክሪብቶ ፊቷ አስቀመጥኩ።

"እኔ አልነበርኩም። መስጠቱን በምን አውቃለሁ?"

"የፈለግሽውን አንሺ። አባትሽ የቱ ጋ እንደሳቁ ልንገርሽ።"

ከመሃል አንዱን መዘዘች። አልተቸገርኩም። ተጫዋቾቹ አውቶብሳቸው ጭቃ ይዟቸው፣ እስከ ሜዳው ገፍተውት፣ በዚያው በጭቃ ልብሳቸው ተጫውተው ያሸነፉበት ነው። አሰልጣኙ አንድ እግር ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በካልሲ ከዳኛው ጋር ሲጨቃጨቅ አባቷ እስኪያስላቸው ስቀዋል፤ ሦስቴ አስደግመውኛል። ነገርኳት። መጽሐፉን እንደያዘች ቆመች።

"የጫማውን ታሪክ ልጅ ሆኜ ይነግረኝ ነበር" አለች።

አዘንኩላት፤ እውነቴን ነው። ደብተሩን ግን አላነሳሁላትም። ተቀምጣ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ገማቹም ምስክር ብሎ ፈረመ። ወረቀቱን ተቀብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። "አባቴ እነዚህን ዋጋ የሌላቸው ሠላሳ አንድ መጽሐፎች በፈቃዱ ሰጥቷታል" ይላል።

መልሼ ፊቷ አስቀመጥኩት። "'ዋጋ የሌላቸው' የሚለውን ሰርዢው" አልኳት።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇ ላይ የነበረውን መጽሐፍ አየች። ሰረዘችው።