የሹሻን ልክ

አርመናዊቷ ማዳም አራክሲ ከየካ ሚካኤል በታች ልብስ ሲሰፉ ነው ያረጁት። ደርግ ቤታቸውን ወርሶ አንዲት ክፍል ሲተውላቸው እንኳ የስፌት መኪናቸውን ወደዚያችው አስገብተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ረዳታቸው አስካለች አሥራ አንድ ዓመት አብራቸው ሠርታለች። በየዓመቱ ሚያዝያ አሥራ ስድስት ማዳም ሌላውን ሁሉ ትተው አንዲት የሕፃን ቀሚስ ይሰፋሉ፤ የሚለኩትም ሁለት ቦታ በተቋጠረ አሮጌ ክር ነው። ቀሚሷን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች የአንዷ ልጅ ትለብሳታለች። አስካለች የሚካኤል ስለት መስሏት ጠይቃ አታውቅም። ሰው በስለቱ አይጠየቅማ።

በ1971 ዓ.ም. ግን ዓይናቸው ደከመና ቀሚሷን እንድትቆርጥ መቀሱን ለአስካለች ሰጡ። ያን ሰሞን ቀበሌው ለሜይ ዴይ ሰልፍ የሚሰፋ ቀይ ጨርቅ ቆልሎባቸው ነበር። አስካለች ብትቸኩልም ሙያዋን አልረሳችም፤ የልጅ ልብስ ነውና ከታች አራት ጣት ጨመረች።

ማዳም ክሩን ከቀሚሷ ጋር አስተያዩና ትርፉን በጣታቸው ለኩ።

«ምነው ማዳም፣ አበላሸሁ እንዴ?»

«ይሄ ትርፉ ምንድነው?»

«ታድግበታለች ብዬ ነዋ። ልጅ አይደለች?»

«መስኮቱን ዝጊው» አሉ። ልጇ የተገደለባት እናት እንኳ እንዳታለቅስ የምትከለከልበት ጊዜ ነበርና አስካለች ሳትጠይቅ ዘጋችው።

«ይቺ አታድግም፣ አስካለች።»

ከዚያ ነገሯት። በኦቶማን ቱርክ ዘመን አርመኖች ከየቤታቸው ተነቅለው ወደ በረሃ ሲነዱ ማዳም የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ እህታቸው ሹሻን የአራት። እናታቸው መንገድ ላይ ወድቃ ቀረች።

«እናቴ የሹሻንን እጅ አትልቀቂ ብላኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደከመኝና ለቀቅኳት። ዞር ስል የለችም።»

ኋላ በገቡበት የሙት ልጆች ማሳደጊያ ክር ለምነው፣ የሹሻን ትከሻ ይደርስበት ከነበረው ከደረታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ለክተው ቋጠሩት። እሳቸው ሲያድጉ የእሷ ልክ እንዳይጠፋባቸው ፈርተው ነው። መቃብር የላት፣ ፎቶ የላት፤ ያላት አርመኖች ሙታናቸውን የሚያስቡባት ሚያዝያ አሥራ ስድስት ብቻ ናት።

«ይቅር በዪኝ የምላት በዚህች ክር ነው» አሉና አለቀሱ። የአስካለችም ልብ ተሰበረ። ልቅሷቸው ውጭ እንዳይሰማ መኪናዋን ያለ ጨርቅ እየረገጠች አብራቸው አለቀሰች።

ማዳም በተከታዩ ጥቅምት አረፉ። ሚያዝያ አሥራ ስድስት ሲመጣ አስካለች በክሩ ለክታ፣ አንድ ጣት እንኳ ሳትጨምር ሰፋች። ጫልቱ የምትባል እንጨት ተሸካሚ ቀሚሷን ለልጇ አልብሳ አየችና ቅር አላት።

«ጥቂት ብትለቂላት ምን ነበረበት? ታድጋለች እኮ።»

አስካለች የልጅቱን ራስ ዳበሰች።

«ያንቺማ ትደግ። ሲያጥራት አምጫት፣ ሌላ እሰፋላታለሁ። የማታድገውስ የእኛዋ ናት።»